ጉናን በግራ ጉንጭ

ካፒቴን ገድሉ አርባ አንድ ዓመት ጣና ላይ ሰው ሲያሻግሩ ኖሩ። መጀመሪያ በታንኳ፣ ኋላም ባለ ሞተር ጀልባ ይዘው ከባሕር ዳር ዘጌ፣ ከዘጌ ደቅ፣ ከደቅ ደልጊ ተመላለሱ። ሙሽራ አሻግረዋል፤ በሽተኛ፣ ንግሥ የሚሄድ ምእመን፣ ኑግና ማሽላ የጫነ ነጋዴ አሻግረዋል። አንዲት ሴት ሐይቁ መካከል ላይ መንታ ተገላግላባቸዋለች። ስለዚያ ቀን ሲጠየቁ፣ "ስትሳፈር አንዲት ነበረች፣ ስትወርድ ሦስት ሆነች፤ እግዚአብሔር ሲያበዛ ወደብ አይጠብቅም" ይላሉ።

እኔ ጎረቤታቸው ነኝ። አዘዘ እባላለሁ፣ እንጨት ሠሪ ነኝ፤ ሥራ ቤቴና ግቢያቸው ባንድ አጥር ይገናኛሉ። ማታ ማታ ሥራ ስፈታ አጥሩ ሥር ተቀምጠው የሚነግሩኝን መስማት ከመጽሐፍ የማላገኘውን ትምህርት ሰጥቶኛል።

ከነገሩኝ ሁሉ አንዱ ይህ ነው። ጣና ላይ መንገድ የለም፤ ያለው ምልክት ነው። ከደልጊ ወደ ባሕር ዳር ሲመለሱ የእርሳቸው ምልክት የጉና ተራራ ነበር። ዝናቡ አቁሞ አየሩ ሲጠራ ጉና በምሥራቅ በኩል ሰማያዊ ጉብታ ሆኖ ብቅ ይላል። ጀልባ የሚማሩትን ሁሉ፣ "ጉናን በግራ ጉንጭህ ይዘህ ንዳ። ጉንጭህን ከለቀቀህ ወይ አንተ ተሳስተሃል፣ ወይ ተራራው ተነሥቶ ሄዷል፤ ተራራው ደግሞ አይሄድም" ይሏቸው ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ግን ጉና ጉንጫቸውን ለቀቀ። ግራ ዐይናቸው ጠፋ፤ የቀኙም ዳር ዳሩ ይጨልም ጀመር። ሐኪሟ የዐይን ግፊት መሆኑን ነገረቻቸው። "የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ ለማቆየት እንሞክራለን፤ እስከ መቼ እንደሆነ ግን ቃል አልገባም" አለቻቸው። ጀልባዋን ለእኅታቸው ልጅ አስረከቡ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ሐይቁ ዳር ሆነን፣ ምን ያህል እንደሚያዩ ጠየቅኋቸው። እጃቸውን እንደ ቱቦ ጠቅልለው ዐይኔ ላይ ገጠሙልኝ።

"ይኸው፣ ይህችን ታህላለች።"

በዚያች ቀዳዳ ወደ ሐይቁ አየሁ። ጀልባውን ሳይ ወደቡ ይጠፋል፤ ወደቡን ሳይ ጀልባው ይጠፋል። ጣና የሚያህል ነገር ቁርጥራጭ ሆነ።

በዚያው መስከረም ሁለት ሽማግሌ ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት፣ ቤት የሚያህል መኪና እየነዱ መጥተው ሐይቁ ዳር አቆሙ። አልጋው ውስጡ ነው፣ ምድጃው ውስጡ ነው፣ መታጠቢያው ውስጡ ነው። ካፒቴንን ወደ ውስጥ አስገብተው ሻይ አጠጧቸው። እርሳቸውም በማያዩበት በኩል እየዳሰሱ ሁሉን አዩና በጥድፊያ ወደ ሥራ ቤቴ መጡ።

"አዘዘ፣ ያ መኪና አይደለም! ጎማ ያለው ጀልባ ነው! አንተ እንዲህ ያለ ትሠራልኛለህ?"

"የት ሊሄዱበት ነው ካፒቴን?"

"ጉና።" መላጊያ ጠረጴዛዬን ተደግፈው ቆሙ። "አርባ አንድ ዓመት ከጣና ሆኜ እርሱን አየሁት። አንድ ቀን ደግሞ እርሱ ካለበት ሆኜ ጣናን ልየው። ሁሉንም፣ ባንድ ጊዜ። ይህች ዐይን ሳትዘጋ።"

ባለቤታቸው እቴ እናትዓለም ይህን ሲሰሙ ከአጥሩ ማዶ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "አንተ ሰውዬ፣ የገዛ በርህን እየሳትህ ከመቃኑ ጋር የምትላተም ተራራ ልትወጣ ነው?"

"በሩ ቅርብ ስለሆነ ነው እናትዬ። ተራራው ሩቅ ነው፣ ትልቅም ነው፤ እርሱን አልስተውም።"

"ሂድ እንግዲህ። ሲመልስህ ግን መቃኑን አታማርርብኝ።"

መኪናዋ ከሐጂ ሙሀመድአወል ተገኘች። ሐጂ የደልጊ ሰው ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት እህላቸውን በካፒቴን ጀልባ እየጫኑ ሲነግዱ ኖረው አሁን ባሕር ዳር ከልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። ከወረታ እህል ያመላልሱባት የነበረች አሮጌ ሚኒባስ ግቢያቸው ውስጥ ዶሮ እያደረባት ነበር።

"እሰጣለሁ፤ ግን አብሬ እሄዳለሁ" አሉ ሐጂ። "ሠላሳ ዓመት ሙሉ 'ደረስን፣ ይኸው ጉና' እያልህ አራት ሰዓት ያስጠበቅኸኝን ተራራ ሄጄ እታዘበዋለሁ።"

"ያኔ ማዕበል ነበር።"

"ማዕበሉ አንተ ነበርህ።"

ዶሮዎቹን አስወጥተን፣ የኋላ መቀመጫውን ነቅዬ፣ ሦስት ሰው የሚያስተኛ የጣውላ አልጋ ሠራሁ። ከአልጋው ሥር መሳቢያ፣ ከበሩ አጠገብ ለምድጃ የሚሆን መደርደሪያ አበጀሁ። ዕቅዱን ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ በመላጊያ ጠረጴዛዬ ዙሪያ ተቀምጠን አወጣን።

መጀመሪያ ቀኑ አከራከረን። አየሩ የሚጠራው ከጥቅምት ወዲህ ነው፤ ኅዳር ዐሥራ አምስት ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል። የሳምንቱም ቀን ሁሉ ባለቤት አለው፤ ቅዳሜ የሐጂ ገበያ፣ እሑድ ቅዳሴ፣ ረቡዕ ጾም፣ ዓርብ ጾምም ጁምዓም። ሐሙስ ቢወጡ ዓርብ ተራራ ላይ ያነጋል። የቀሩት ሰኞና ማክሰኞ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ በጥቅምት፣ ሰኞ ጥዋት ወጥተን ማክሰኞ ማታ ልንመለስ ወሰንን። አንዲት ሌሊት፣ አንድ ንጋት።

ቀጥሎ ስንቁ። የሙስሊምና የክርስቲያን ቢላ ለየብቻ ስለሆነ ሥጋ ከነጭራሹ አልተነሣም። ካፒቴን፣ "ቀረሶ ደርቆ ይጠበስ" አሉ። "ዓሣ በስመ አብም ቢስሚላህም ሳይባልበት ይሞታል፤ ሁለታችንንም አያስቀይምም።" ሐጂ ቴምር ጨመሩ፤ እቴ እናትዓለም ድፎ ዳቦ ቃል ገቡ።

ካፒቴን ይናገራሉ፣ እኔ በደብተር እጽፋለሁ። ብርድ ልብስ ስድስት። ገመድ ሃያ ክንድ። ፋኖስ። ክብሪት በላስቲክ ተጠቅልሎ። ትርፍ ጎማ። የዐይን ጠብታ። ጣሳ። በዝርዝሩ ሠላሳ አራት ነገር ነበረ። ጭነቱንም ራሳቸው አስጫኑ። ግራው ከቀኙ እንዳይከብድ አንዱን ጆንያ ሦስት ጊዜ አዘዋወሩኝ።

"ካፒቴን፣ መኪና እኮ አይገለበጥም" አልኋቸው።

"ይህን ያለ ሰው ሁሉ ዋኝቶ ነው የወጣ" አሉኝ።

በመጨረሻ ዝርዝሩን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁ። ሦስታችንም "አለ፣ አለ" እያልን አረጋገጥን። ምንም የቀረ አልነበረም።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ወጣን። ሐሙሲት ሻይ ጠጣን፤ ወረታን አልፈን ወደ ቀኝ ታጠፍንና ደብረ ታቦር ደረስን። ሐጂ መስጊድ ገብተው የቀትሩን ሰገዱ። ከዚያ ወዲያ አገሩ ሌላ ሆነ። ነፋሱ ቀጠነ፤ ዛፉ አጠረና ቀረ። የገብሱ ማሳ አረንጓዴና ወርቅማ ሆኖ ገደሉ አፍ ድረስ ተሰቅሏል። ከፍ ስንል ጅብራ የሚባሉት የደጋ ተክሎች ታዩ። ከሰው ቁመት በላይ ናቸው፤ ጉም ውስጥ ብቻ ብቻቸውን ሲቆሙ ለጸሎት የተነሡ መነኮሳት ይመስላሉ። እኔ የምነዳውን ረስቼ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ያየሁትን ለካፒቴን እየነገርሁ ነው የምነዳው፤ እርሳቸው ግን ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ "ለኔ አትንገረኝ፣ መንገዱን እይ፤ እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው" ይሉኛል።

ጠጠሩን መንገድ ይዘን ሽቅብ ስንወጣ ሚኒባሷ ታለከልክ ጀመር። ከሞተሩ በኩል ነጭ እንፋሎት ተነሣ። አቁሜ ወረድሁ። ራዲያተሯ ፈልቶ ደርቋል።

"ሐጂ፣ ውኃ ያቀብሉኝ" አልሁ።

ከኋላ ዕቃ ሲገላበጥ ሰማሁ።

"አዘዘ፣ ውኃው የትኛው ጆንያ ውስጥ ነው?"

ካፒቴን፣ "ዝርዝሩን አውጣ" አሉ። ደብተሩን አውጥቼ ከአንድ እስከ ሠላሳ አራት አነበብሁ። ደግሜ አነበብሁ።

"ጣሳ ብለሃል አይደል?" አሉ ሐጂ። "ጣሳው ለምን ነበር?"

ካፒቴን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ውኃ ሲገባ ጨልፎ ለማውጣት።"

"የቱ ውኃ ነው የሚገባው? ጉና ላይ?"

ሐጂ እየሳቁ ጎማው ላይ ተደገፉ፤ ሳላቸው እስኪነሣባቸው ሳቁ። እኔ ግን ሊገባኝ ጊዜ ወሰደ። ካፒቴን ዕድሜያቸውን ሙሉ ጉዞ ያሰናዱት ለጀልባ ነው። ከጀልባ ውኃ ይጨለፋል እንጂ አይጫንም፤ ሲጠማቸው እጃቸውን ወደ ጎን ሰድደው ይጠጣሉ። ሐጂም ሠላሳ ዓመት እንደዚሁ ተጉዘዋል። እኔ እንኳ የምድሩ ሰው ባስበው ይገባኝ ነበር፤ ግን የሚነገረኝን ከመጻፍ በቀር አላሰብሁም።

የዐስር ሶላት ሰዓት ደርሶ ነበርና ሐጂ ውዱእ የሚያደርጉበት ውኃ አጡ። እንደ ሥርዓታቸው ንጹሕ አፈር ፈልገው በመዳፋቸው ነክተው ፊታቸውንና እጃቸውን አበሱ። "እኔ ውኃ ሲጠፋ በአፈር እንድሰግድ ፈቃድ አለኝ" አሉን ሲመለሱ። "መኪናዋ ግን ፈቃድ የላትም።"

ካፒቴን አልሳቁም። ያሰብነው ከፍታ ገና አንድ ሰዓት ይቀረው ነበር፤ ምዕራቡንም ጉም ዘግቶት ነበር። "ነገ ማክሰኞ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ለሚመጣው ጥቅምት ይህች ዐይን ትኑር አትኑር አላውቅም። አዘዘ፣ ጀልባን ያህል ነገር ሳሰናዳ ኖሬ አንዲቱን ጉዞዬን አበላሸሁ።"

"እግዚአብሔር ያውቃል ካፒቴን" አልሁ።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ገበሬ ወፍራም ብርድ ልብስ ለብሶ፣ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ ቁልቁል መጣ። ወልደ ጻድቅ ይባላል፤ የቀበሌውን የጓሳ ሣር የሚጠብቅ ሰው ነው። ሰላምታ ተለዋወጥን።

"ከወዴት ናችሁ አባቶቼ?"

"ከባሕር ዳር።"

"ምን ቸገራችሁ?"

ተያየን። ሐጂ ደፍረው፣ "ውኃ" አሉ።

ወልደ ጻድቅ መጀመሪያ የቀለድንበት መሰለው። ከዚያ ፈገግታው ሰፋ። "የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር! ልጁን ዛሬ በዐይኔ አየሁት፤ ያውም ሸብቶ።"

"ስደበን ልጄ፣ ስደበን" አሉ ካፒቴን። "ውኃውን ካሳየኸን በኋላ ግን ጨርሰው።"

ምንጩ ቅርብ ነበር፤ መንገዱ ግን ቀጭን የእግር መንገድ ነው። የጀልባውን ገመድ አወጣን። አንዱን ጫፍ እኔ ወገቤ ላይ አሰርሁ፣ ካፒቴን መካከሉን ያዙ፣ ሐጂ ከኋላ ተከተሉ። "ሠላሳ ዓመት ጎተትህኝ፣ ዛሬ እኔ እየጠበቅሁህ ነው" ይላሉ ሐጂ። ወልደ ጻድቅ ፊት ፊት እየሄደ ድንጋዩን በዱላው እየመታ፣ "እዚህ ላይ እግርዎን ያንሡ አባቴ" ይላል።

ከጓሳው ሥር፣ ከሁለት ድንጋይ መካከል፣ አውራ ጣት የምታህል ውኃ ትወጣለች። ድምጿ ሕፃን ሲተነፍስ ያህል ነው። ካፒቴን ተንበርክከው በጣሳቸው ቀዱና ጠጡ። ጥርስ የሚነቅል ቅዝቃዜ ነበረው።

"ይህ የማን ውኃ ነው?" አሉ።

"የጉማራ ወንዝ ራስ ነው" አለ ወልደ ጻድቅ። "እኛ ዘንድ ልጅ ይዘለዋል። ታች ግን ሰው ይወስዳል አሉ። የት እንደሚገባ እናንተ ታውቃላችሁ።"

ካፒቴን ጣሳውን ይዘው ቀሩ። ጉማራ ጣና የሚገባበትን አፍ ያውቁታል። ክረምት ከክረምት ያ አፍ ሐይቁን ሩቅ ድረስ ያደፈርሰዋል፤ ጉማሬ ስለሚበዛበትም ጀልባቸውን አርቀው ያሳልፉ ነበር። ስንት ጊዜ ፈርተውታል፣ ስንት ጊዜ ረግመውታል።

"አፉን አርባ ዓመት አወቅሁት" አሉ። "ራሱ ይህን ያህል ትሑት መሆኑን ማን ነገረኝ?" በጣሳው የቀረውን መልሰው ወደ ምንጯ አፈሰሱና፣ "ሂጂ፣ ቤታችን እንገናኛለን" አሏት።

ራዲያተሯ ከበረደ በኋላ ውኃ ሞላሁት። ወደ ላይ እንሂድ ብል ግን ወልደ ጻድቅ ከለከለኝ። "ጫፉን ጥዋት ጥዋት ጉም ይይዘዋል። ከምንጩ በላይ ያለችው ጉብታ ምዕራቡን ታያለች። እዚሁ እደሩ።" ያሰብንበት ቦታ ሳንደርስ፣ ያላሰብንበት ቦታ አደርን። በጣውላው አልጋ ላይ ተደራርበን ተኛን፤ ስድስቱ ብርድ ልብስ አልበቃንም።

ገና ሳይነጋ ካፒቴን ቀሰቀሱኝ። ጸሎታቸውን አድርሰው ገመዱን ይዘው ነበር። ጓሳው በውርጭ ነጥቶ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። ጉብታዋ ላይ ወጥተን ፊታችንን ወደ ምዕራብ አድርገን ተቀመጥን። ሐጂ ከምንጩ በቀዳነው ውኃ ውዱእ አድርገው ከጎናችን ሰገዱ። ወልደ ጻድቅ ትኩስ የገብስ ቆሎ በጨርቅ ይዞ መጣ።

ፀሐይ ከጀርባችን ወጣች። መጀመሪያ ያየሁት የተቀመጥንበትን ተራራ ጥላ ነው። ጥላው ከእግራችን ተነሥቶ ገብሱን፣ ደብረ ታቦርን፣ የፎገራን ሜዳ ተሻግሮ ቁልቁል ተዘርግቷል። ቀስ በቀስም ወደ እኛ ይሰበሰብ ጀመር፤ የለቀቀው ምድር ሁሉ እየበራ ሄደ። ከዚያ ባሻገር ሰማዩ ከምድር በታች የወረደ መሰለኝ። አፍጥጬ ሳይ ሰማይ አይደለም። ጣና ነው። ከዳር እስከ ዳር፣ ሳይቆረጥ፣ ሳይሸፈን። መካከሉ ላይ ማርያም እንደሳመችው ምልክት ጠቆር ያለ ነገር አለ፤ ደቅ መሆን አለበት። ተወልጄ ያደግሁበት ሐይቅ ዳርቻ እንዳለው ያን ዕለት አየሁ። እንዲህ ያለውን ነገር አንድ እጅ ዘርግቶ እንዳኖረው ሳስብ አማተብሁ።

ከዚያ ካፒቴን ትዝ አሉኝ። ፊታቸው አይነበብም። ፈራሁ። አልታያቸው እንደሆነስ? መጠየቅ አቃተኝና እርሳቸው እንዳሳዩኝ እጄን እንደ ቱቦ ጠቅልዬ ዐይኔ ላይ አደረግሁ።

ጣና ገባ። ከሰሜን ጫፉ እስከ ደቡብ ጫፉ፣ ሁሉም፣ በዚያች ቀዳዳ ውስጥ ገባ። ባሕር ዳር ሆኜ በዚያችው ቀዳዳ አንድ ወደብና አንድ ጀልባ ባንድ ላይ አልገባ ብለውኝ ነበር።

"አዘዘ" አሉ ካፒቴን። "ታየኝ። ምንም አልቀረብኝም።"

ጣታቸውን አነሡ። "ያ ጎርጎራ። ወደዚህ ስትመጣ ደልጊ፤ ሙሀመድአወል፣ የድሮ ቤትህ ያ ነው። መካከሉ ደቅ። ያ ጭስ የሚመስለው ባሕር ዳር ነው፤ እናትዓለም አሁን በሩን እየከፈተች ነው።" ጣታቸው ከደልጊ ተነሥቶ ባሕር ዳር እስኪደርስ አንድ ትንፋሽ አልፈጀም። "አንድ ቀን ሙሉ እነዳው ነበር። ማዕበል ሲነሣ ሁለት ቀን። አርባ አንድ ዓመት ቆራርጬ ነው ያየሁት፤ ሁለቱም ዐይኖቼ ደኅና ሳሉ እንኳ ቆራርጬ። ዛሬ በዚህች ቀዳዳ ባንዴ ሰጠኝ።"

ሐጂ እንባቸውን በጥምጥማቸው ጠረጉ። "ሱብሃነላህ" አሉ። ቆይተውም፣ "አራት ሰዓት ማስጠበቅህን ግን አልተውሁልህም" አሉ።

ካፒቴን ሳቁ፤ ሲስቁም ዐይናቸውን ከሐይቁ አላነሡም። ጉም ከታች ተነሥቶ እስኪዘጋው ድረስ ወደ ሌላ አላዩም።

ማክሰኞ ማታ ባሕር ዳር ገባን። ካፒቴን በሩን ሲገቡ በትከሻቸው መቃኑን ገጩ። እቴ እናትዓለም አዩ፣ ግን አልተናገሩም፤ አስቀመጧቸውና፣ "እሺ፣ ምን አየህ?" አሉ።

ካፒቴን የሚስታቸውን እጅ ወስደው መዳፉን ዘረጉ። በጣታቸው ዙሪያውን ሣሉ። "ይህ ጎርጎራ፣ ይህ ደልጊ፣ እዚህ ጋ ደቅ። አንቺ እዚህ ነበርሽ።"

"ይህን ሁሉ በዚያች ቀዳዳ?"

"ሁሉንም።"

እቴ እናትዓለም መዳፋቸውን ትንሽ ጊዜ አዩት፤ ከዚያ መልሰው ዘረጉላቸው። "እንደገና ሣልልኝ" አሉ። ሣሉላቸው።

ይህ ካለፈ ዓመት ሊሞላው ነው። ጠብታው ይሠራል፤ ሐኪሟ ቀዳዳዋ አልጠበበችም አለች፤ ተመስገን። ትናንት እቴ እናትዓለም ደብተሬን አስመጥተው ከመላጊያው ጠረጴዛ ፊት ተቀመጡ። ለዘንድሮው ጥቅምት ሚኒባሷ ውስጥ ለአራተኛ ሰው የሚሆን አልጋ እንድሠራ ታዝዣለሁ።

"ያምናውን ማን ነበር የጻፈው?" አሉኝ።

አቀረቀርሁ።

"ዘንድሮ እኔ ነኝ የማስጽፍህ። ጻፍ" አሉ። "አንደኛ፣ ውኃ።"